ባለቤቱ ያልታወቀ ሽቦ

ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው ሙሄ የቆመው ከደጄ፣
«እሳት ሊበላኝ ነበር ከነመኝታዬ፣ ልጄ፤
ሌሊት ባቲን ስወጣ ከወንበሩ ሥር ጨሰ፣
መብራቱ ጠፋ፣ በራ፣ ጠፍቶ ተመለሰ፣
ፍሪጁም እንደ ታማሚ አንዴ አቃሰተና ጨረሰ።»

ለትራፊክ መኪና ነው፣ ለጉምሩክ ጭነት፤
ለሙሄ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት
ሳሎን ነው፣ ጓዳ ነው፣ ቤት።
ቤትህ የት ነው ሲሉት ቁልፉን ያንቃጭላል፣
ጎማዋን በእግሩ ነካ አድርጎ «ይቺው ናት» ይላል።

ወንበሩን ሳነሳው፣ ያ ረቢ! የእባብ ጎሬ፣
ቀይ ከጥቁር ተጋብቶ፣ አምና ተጠልፎ ከዛሬ።
እጅ እንደ ጽሑፍ ነው፤ ሠሪውን በሥራው አውቃለሁ፦
ይኼ የሚሌው ነው፣ በጥርሱ ይልጣል፣ ንክሻውን አያለሁ።
ይኼ የሰመራው፤ ችኩል፤ ናስትሮ መግዛት አይወድም፣
በፌስታል ጠቅልሎት ሄዷል፤ ፌስታሉ ቀልጦ እንደ ደም
ረግቷል።
የጋላፊው ደግሞ ሙቀቱ አናቱ ላይ ወጥቶ
የደወል ገመድ ቀጥሏል ለማራገቢያው አምጥቶ፤
ክርን ግንድ ጎትት እንደ ማለት።
ይኼኛውስ የማን ነው?
የኔ ነው። ፖሊቴክኒክ ሳለሁ ለሻይ ብር የሠራሁት፤
ማንም ሳያይ፣ ሙሄም ሳያይ፣ መጀመሪያ እሱን ቆረጥሁት።

«ሙሄ» አልሁት፣ «የሞተርህንና የቤትህን ጎተራ እንክፈል፤
ማታ ፍሪጅህ ለበላው ጠዋት ሞተርህ አይክፈል።
አንድ አዲስ ባትሪ ለአልጋው፣ የድሮዎቹ ለመንገዱ፣
አውራ ጣት የሚያህል መዳብ፣ ፊውዝ ለየገመዱ፣
መሐል ላይ ሪሌ በረኛ፤ ሞተር ሲነሳ የሚከፍት፣
ሲጠፋ የሚዘጋ።»
ዋጋውን ስነግረው ዓይኑን ወደ ቦርከና ላከ፣
ወንዙ ያበድረው ይመስል፤ ቆየ፣ ራሱን አከከ፣
«እሺ» አለ።

አወጣሁ፣ አወጣሁ፤ ኩንታል ሊሞላ ምን ቀረው፣
የሞተ ሽቦ ከነዝገቱ፣ ያገኘው ሁሉ ያሠረው።
የሞርሴቶውን አረንጓዴ ሻጋታ በፍል ውሃ አጠብሁ፣
በፕላስተር ላይ በእስክሪብቶ እየጻፍሁ ለጠፍሁ፦
አልጋ። ፍሪጅ። ሬዲዮ። ማራገቢያ።
የጨርቃ ጨርቁ ፈረቃ ሲለቀቅ ሴቶቹ ባጠገቤ አለፉ፣
«ዘምዘም፣ ዛሬም ከሆዱ ውስጥ ነሽ?» እያሉ እየለፈፉ፤
የሚታያቸው እግሬ ብቻ ነው። በእግሬ ሰላም አልኋቸው።

ነፋስ ከሐረጎ ሲወርድ፣ አሥር ሰዓት ግድም፣
አንድ ቢጫ ቀረኝ፤ ከየትኛውም ጋር አይሄድም።
ቴስተሬን ነካሁበት፤ በራ። ሕይወት አለው፣
ባለቤት ግን የለው።
በፍራሹ ሥር ተከተልሁት፣ በመጋረጃው ጀርባ፣
ረዳት የሚተኛበት ጥግ፣ ክንድ የማያስገባ፤
የሞተር ሳይክል ፍሬቻ አምፖል፣ የበቆሎ ፍሬ የሚያህል፣
ማብሪያው የእስክሪብቶ ክዳን፤
ቆርቆሮው ላይ በእርሳስ፣ ሳይን ለኮሳይን ሲካፈል።
አምፖሏ በጠራራ ፀሐይ በርታለች።

«ባትሪህን ሲመጥ የከረመው ይኼ ነው፤ ልቁረጠው?»
ሙሄ ጨርቅ አንስቶ መሪውን ወለወለው፣
ንጹሕ መሪ።
«የፈንታው ነው፤ የረዳቴ። አሥራ ሁለተኛን እዚህ አጥንቶ፣
እኔ ሳንኮራፋ እሱ አንብቦ፣ በሦስት ነጥብ ቀርቶ...
ወደብ ላይ ነው የወረደው። "ጭነቱ እስኪራገፍ መጣሁ" አለኝ።
በኦቦክ በኩል ነው አሉ፤ ከጀልባዋ ወዲያ የሚያውቅ የለም።
ሲወርድ መብራቷን አላጠፋም፤
እኔም አልነካሁም።»

ፒንሳዬን ወደ ሳጥኑ መለስሁ፣
ከሁሉ ትንሹን ፊውዝ መረጥሁለት፣ ገመዱን አደስሁ።
«አምፖሏን በኤል ኢ ዲ ልቀይራት? ወር ትቆያለች ሞተር ባይነሳ።»
«አትቀይሪያት።»
«እንግዲያስ አሥር ቀን ነው፣ ሙሄ፣ እንዳትረሳ።»
«አሥር ቀን!» አለ፣ ሞተሩን አስነሳና፣
«እኔ መች አሥር ቀን ቆሜ አውቅና።»